የሥዕሉ ባለቤት ሥዕሉን ማንበብ የሚችል ነው

በመካነ ሰላምና በከላላ፣ በሳይንትና በለጋምቦ በተዘረጋው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በየአጥቢያው ዕቃ ቤት የሚጠበቀው የግእዝ ብራናና በየሐሪማው ከሼኽ ወደ ደረሳ ሲወርድ የኖረው የዐረብኛ ኪታብ፣ ከጭስና ከዝናብ፣ ከአይጥና ከብል፣ ይልቁንም ዘመናችን ካልተለየው ጦርነት ተርፎ ለመጪው ትውልድ ይተላለፍ ዘንድ፣ ገጹን በካሜራና በስልክ እያነሡ ማስቀመጥ አሁን አሁን እንደ በጎ ልማድ መቆጠሩ ደግ ነገር ነው። ይህን ሥራ የጀመረ ሁሉ ምስጋና ይገባዋል፤ ከምስጋናው ቀጥሎ ግን ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፦ አነሣነው የምንለው ሥዕል በምን መልክ ተቀመጠ? በፋይሉ ውስጥ ያለው ረጅም የቁጥር ሰልፍ እንደ መሆኑ መጠን፣ የዚያን ሰልፍ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው በመካከላችን ከሌለ፣ ሀብቱ በእጃችን ቢኖርም ሥልጣኑ በእጃችን አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ እንግዲህ አጭር ነው፤ የሥዕል ፋይል በባይት እንዴት እንደሚደረደር ማወቅ የጥቂት ባለሙያዎች ምሥጢር ሆኖ መቅረት የለበትም፤ መጻሕፍቱን የሚጠብቅ አገር ልጆቹን ሊያስተምረው የሚገባ ተራ ዕውቀት መሆን አለበት።

የቀደሙት ቁም ጸሐፊዎቻችን መጽሐፉን ጽፈው ከፈጸሙ በኋላ በመጨረሻው ገጽ ላይ የሚያሰፍሩት ቃለ ግዝት እንዳለ ብራና የገለጠ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ቃለ ግዝት ከሚወገዙት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ «ዘሰረቆ» እና «ዘፈሐቆ»፣ የሰረቀውና የፋቀው። አባቶች ሁለቱን ለይተው መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተሰረቀ መጽሐፍ ቢያንስ በሌላ ስፍራ አለና አንድ ቀን ሊመለስ ይችላል፤ የተፋቀ መጽሐፍ ግን በመደርደሪያው ላይ እንዳለ፣ ዐይን እያየው፣ ጠፍቷል። እኛም በዚህ ዘመን ስለ መጻሕፍቶቻችን ስንነጋገር ስለ ሰራቂው ብዙ እንናገራለን፤ ስለ ፋቂው ግን ዝም እንላለን።

ስለ ሰራቂው ታሪኩ ከዚሁ ከደቡብ ወሎ ምድር ሩቅ አይደለም። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከየአገሩ ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት ተዘርፈው፣ ከ300 በላይ የሚሆኑት ዛሬ የብሪቲሽ ላይብረሪ ንብረት ተብለው በለንደን ይገኛሉ፤ በኋላም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በደብዳቤ ጠይቀው አንድ የክብረ ነገሥት መጽሐፍ ሲመለስላቸው፣ የቀሩት እዚያው ቀሩ። ላይብረሪው በዘመናችን ከእነዚህ ብራናዎች ብዙዎቹን በዲጂታል አንሥቶ በኢንተርኔት እንዲታዩ በማድረጉ፣ የመቅደላን መጽሐፍ ከመቅደላ ግርጌ ሆኖ በስልክ ማየት ተችሎ ነበር። ዳሩ ግን በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በላይብረሪው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ብርቱ ጥቃት በደረሰ ጊዜ እነዚያ ሥዕሎች ለብዙ ወራት ከዐይን ተሰወሩ። ብራናው በመጋዘኑ ደኅና ነበር፤ ለእኛ ግን ሁለተኛ ጊዜ እንደ ተወሰደ ያህል ሆነ፤ በሌላ ሰው ቤት ያለ ሥዕልን የራስ ንብረት አድርጎ መቍጠር ምን ያህል ደካማ ተስፋ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ታየ።

በሌላ በኩል ደግሞ መልካም ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ ካሉ ተቋማት ጋር በመተባበር የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት የተባለውን ሥራ ጀምራ፣ በየገዳሙና በየደብሩ ያሉት በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍት በፊልም ተቀረጹ፤ ቅጂውም በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ተቀመጠ። በዚያ ስፍራ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምረው፣ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ፣ የመጻሕፍቱን ዝርዝርና ሐተታ በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን ሰጡ፤ ከወሎ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተቀረጸው፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ስም ጋር የሚጠራው የ13ኛው ምእት ዓመት ወንጌልም በዚያ ስብስብ ቍጥር 1832 ተብሎ ይታወቃል። ይህ ፊልም በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ በመሆኑ ቀዩን ቀለም ከጥቁሩ በብርሃኑ መጠን እንጂ በመልኩ አይለይም፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ በጎነት አለው፤ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ በማጉያ መስተዋት የተመለከተ ሁሉ ያነበዋል። ማንም ሰው የፊልሙን ሥርዓት ሊያስተምረው አያስፈልግም።

ፋይል ግን እንዲህ አይደለም። ፋይልን ወደ ብርሃን ቢያነሡት የሚታይ ነገር የለም። ሥዕል ሆኖ የሚታየው፣ የቁጥሩን ሰልፍ ሥርዓት የሚያውቅ ፕሮግራም አንብቦ ሲተረጕመው ብቻ ነው፤ ያ ፕሮግራም በጠፋ ጊዜ ደግሞ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ሊተካው ይችላል፤ ሁለቱም ከጠፉ ግን ፋይሉ ትርጓሜ የሌለው የቁጥር ክምር ነው። ይህ ፍርሃት ባዶ ግምት እንዳይመስል፣ በፊደላችን ላይ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በሌሎቹም የጽሕፈት ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች፣ ለፊደላት የሚሰጠው ቁጥር በአንድ ሕግ ያልተደነገገበት ዘመን ስለ ነበረ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ አቈጣጠር ያስቀመጣቸው ነበሩ፤ ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆነው የሚወጡትን ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ በየመሥሪያ ቤቱ ያላየ ጸሐፊ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደሎቻችን የማይለወጥ ቁጥር ከሰጠ በኋላ ነው ችግሩ መቃለል የጀመረው። ያ ሁሉ ሰነድ ባይቶቹ አልጠፉም ነበር፤ የጠፋው የባይቶቹ ትርጉም ነው።

እንግዲህ የሥዕልን ሥርዓት ለመማር ከሁሉ የተሻለው መጀመሪያ ቢትማፕ የተባለው ፋይል ነው። ይህ ፋይል ማይክሮሶፍትና አይ.ቢ.ኤም. የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች አብረው ይሠሩ በነበረበት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተደነገገ፣ ዊንዶውስ 3.0 እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣም ዛሬ በብዛት የሚታየውን መልኩን የያዘ ነው። አሮጌ ነው፤ ብዙ ቦታም ይፈጃል፤ ነገር ግን ምንም የሚሰውረው ነገር ስለሌለው፣ ወረቀትና እርሳስ የያዘ ተማሪ ሁሉ ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው ሊያነበው ይችላል። ባይት ማለት ከ0 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ብቻ የሚይዝ ስፍራ ነው፤ ፋይሉም ከእነዚህ ስፍራዎች ሌላ አንዳች ነገር የለበትም።

የግእዝ መጽሐፍ በስመ ሥላሴ፣ የዐረብኛው ኪታብ በቢስሚላህ እንደሚጀምር ሁሉ፣ ቢትማፕም የማይለወጥ መክፈቻ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች 66 እና 77 ናቸው፤ እነዚህም «ቢ» እና «ኤም» የተባሉት የላቲን ፊደላት ቁጥሮች ናቸው። ከዚያ በኋላ በአራት ባይት የፋይሉ ጠቅላላ ርዝመት ይጻፋል፤ ቀጥሎ አራት ባይት ለወደፊት ተብለው ባዶ ይተዋሉ፤ ከዚያም በአራት ባይት ሥዕሉ ራሱ ከስንተኛው ባይት ላይ እንደሚጀምር ይነገራል። ይህ 14 ባይት የመጀመሪያው መቅድም ነው። ሁለተኛው መቅድም 40 ባይት ሲሆን፣ አስቀድሞ የራሱን ርዝመት ይናገርና፣ የሥዕሉን ወርድና ቁመት በነጥብ ቈጥሮ ያስታውቃል፤ ከዚያም የንብርብሩን ቁጥር፣ ይህም ሁልጊዜ 1 ነው፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ስንት ቢት (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው) እንደ ተመደበ፣ ሥዕሉ የተጨመቀ ወይም ያልተጨመቀ መሆኑን፣ የሥዕሉን ክፍል ርዝመት፣ በአንድ ሜትር ወደ ጎንና ወደ ቁመት ስንት ነጥብ እንደሚሰፈር፣ በመጨረሻም ስለ ቀለማት ዝርዝር ሁለት ቁጥሮችን ይሰጣል። ሁለቱ መቅድሞች ሲደመሩ 54 ባይት ይሆናሉ፤ የቀለማት ዝርዝር በሌለው ፋይል ከ55ኛው ባይት ጀምሮ ያለው ሁሉ ሥዕሉ ነው።

አንባቢ ነገሩን በዐይኑ ያይ ዘንድ፣ ወርዱ 2 ነጥብ፣ ቁመቱ 3 ነጥብ ብቻ የሆነ፣ ከላይ አረንጓዴ፣ ከመካከል ቢጫ፣ ከታች ቀይ የሆነ ትንሽ ሰንደቅ ዓላማ በቢትማፕ ሲጻፍ እንመልከት። እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ አንዱ ለሰማያዊ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለቀይ ብርሃን ነው፤ ቅደም ተከተሉም፣ ሰው ከሚገምተው ተገላቢጦሽ፣ ከሰማያዊ ይጀምራል። ስለዚህ ቀይ ነጥብ 0 0 255 ተብሎ፣ ቢጫ 0 255 255 ተብሎ፣ አረንጓዴውም 0 128 0 ተብሎ ይጻፋል። አንዱ ረድፍ ሁለት ነጥብ ስላለው ስድስት ባይት ይሆናል፤ ነገር ግን የቢትማፕ ሕግ እያንዳንዱ ረድፍ ለአራት የሚካፈል ርዝመት እንዲኖረው ያዝዛልና፣ ሁለት ዜሮዎች ተጨምረው ስምንት ይሞላል። ሦስቱ ረድፎች 24፣ ከመቅድሙ 54 ጋር 78 ባይት ይሆናሉ። የረድፎቹም ተራ ከታች ወደ ላይ ነው፤ አስቀድሞ የሚጻፈው የታችኛው፣ ማለት ቀዩ ነው፦

0 0 255 0 0 255 0 0
0 255 255 0 255 255 0 0
0 128 0 0 128 0 0 0

ከታች ወደ ላይ መጻፉ እንግዳ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ የዘመኑ መሐንዲሶች የሥዕሉን መነሻ ነጥብ፣ ተማሪ በሒሳብ ደብተሩ ላይ ግራፍ ሲሥል እንደሚያደርገው፣ በግራ ታችኛው ማዕዘን አስቀመጡት። እንዲያውም ቁመቱ ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር ከተጻፈ ረድፎቹ ከላይ ወደ ታች እንደ ተጻፉ ይቈጠራል። ግእዙን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዐረብኛውን ከቀኝ ወደ ግራ ለሚያነብ የወሎ ሰው፣ ሦስተኛ ሥርዓት ከታች ወደ ላይ ቢጨመርበት የሚያስደነግጠው አይመስለኝም።

ከአንድ ባይት የሚበልጡ ቁጥሮችም የራሳቸው አጻጻፍ አላቸው። የፋይሉ ርዝመት 78 የሚጻፈው 78 0 0 0 ተብሎ ነው፤ ታናሹ ክፍል ይቀድማል፣ ታላቁ ይከተላል። ወርዱ 4000 ነጥብ የሆነ የብራና ሥዕል ቢሆን፣ 4000 ማለት 15 ጊዜ 256 ሲደመር 160 ነውና፣ 160 15 0 0 ተብሎ ይጻፋል። ይህም ልማድ በኢንቴል ኩባንያ የተሠሩት የኮምፒውተር አእምሮዎች ቁጥርን ከሚያስቀምጡበት ሥርዓት የመጣ ነው። ሥርዓቱን የማያውቅ አንባቢ ያንኑ ቁጥር ከታላቁ ጀምሮ ቢያነበው ከሁለት ቢሊዮን የሚበልጥ ወርድ ያገኝና ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል።

አሁን ደግሞ ከነዚህ ሕጎች አንዱን ብቻ የዘነጋ ሰው ምን እንደሚገጥመው እንይ። ረድፉን የሚያሟሉትን ሁለት ዜሮዎች ያልቈጠረ እንደ ሆነ፣ ቀዩ ረድፍ ደኅና ይወጣለታል፤ በሁለተኛው ረድፍ ግን ቢጫው ፈጽሞ ጠፍቶ በስፍራው አንድ ጥቁርና አንድ ውሃ ሰማያዊ ነጥብ ይታያል፤ በሦስተኛው ረድፍ አረንጓዴው ጠፍቶ አንድ ውሃ ሰማያዊና አንድ የጠቈረ ቀይ ነጥብ ይመጣል። የረድፉን ተራ የዘነጋ ሰንደቁን ዘቅዝቆ ቀዩን ከላይ ያደርገዋል። የቀለሙን ተራ የዘነጋ ደግሞ ቀዩን ሰማያዊ፣ ቢጫውን ውሃ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ አረንጓዴው ብቻ በመካከል ስላለ ከስሕተቱ ያመልጣል። በሦስቱም ጊዜ አንዲት ባይት እንኳ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው የአንባቢው ዕውቀት ብቻ ነው።

የዚህ ዕውቀት ጥቅም በጥፋት ቀን ይገለጣል። ዲስክ ወድቆ ወይም ቫይረስ ገብቶ የአንድ ቢትማፕ የመጀመሪያ 54 ባይቶች ቢበላሹ፣ ፕሮግራሙ ፋይሉን አልከፍትም ይላል፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ግን የሥዕሉን ወርድና ቁመት ከተመዘገበበት ወረቀት አንብቦ መቅድሙን በእጁ ዳግመኛ ይጽፈዋል፤ ሥዕሉም ይመለሳል። ከሥዕሉ ክፍል አንድ ባይት ብቻ ቢበላሽ ደግሞ የሚጎዳው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። በተጨመቀ ፋይል ግን አንዲት ባይት ስትበላሽ ከእርሷ በኋላ ያለውን የሥዕል ክፍል ይዛ ልትሄድ ትችላለች።

እዚህ ላይ ፋቂው ይመጣል። ስልኮቻችን የሚያነሡት ሥዕል በአብዛኛው ጄፔግ በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በተደነገገው አሠራር የተጨመቀ ነው። ይህ አሠራር ሥዕሉን ስምንት በስምንት ነጥብ ወደሆኑ ካሬዎች ይከፍልና፣ የሰው ዐይን አያስተውለውም ብሎ የገመተውን ረቂቅ ዝርዝር ይጥላል፤ ዐይን የብርሃንን ልዩነት ከቀለም ልዩነት ይልቅ አጥርቶ ስለሚያይም፣ ብዙ ጊዜ አራት ጎረቤታሞች ነጥቦችን አንድ የቀለም መልክ ያጋራቸዋል። ለሰርግና ለልደት ፎቶግራፍ ይህ ጥበብ የሚደነቅ ነው። ለብራና ግን ጉዳቱ በሁለት ወገን ነው። አንደኛ፣ ቁም ጸሐፊው የእግዚአብሔርንና የእመቤታችንን፣ የጻድቃንንና የሰማዕታትን ስም፣ የክፍሉንም መጀመሪያ የጻፈበት ቀይ ቀለም ከቀጭኑ የብርዕ መስመር ወጥቶ ወደ ብራናው ይፈሳል፤ ገጹ በትልቁ ሲገለጥ የቀዩ ፊደል ጠርዝ ደብዝዞ ይታያል። ሁለተኛ፣ ተፍቆ በላዩ ሌላ የተጻፈበት ስም፣ የደበዘዘ የባለቤት ማስታወሻ፣ በኅዳጉ ላይ የቀረ የርስት ውል፣ ማለትም ተመራማሪው ሊያነበው የሚደክምበት ያ ጭላንጭል ሁሉ፣ መጭመቂያው «አይታይም» ብሎ ሊጥለው የሚችለው ነገር ነው። የቀደመው ፋቂ ቢላ ይዞ ሲፍቅ አሻራው በቆዳው ላይ ይቀር ነበር፤ ይህኛው ግን አሻራውንም አያስቀርም።

ጉዳቱም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ሥዕሉን ከፍቶ አስተካክሎ እንደገና ማስቀመጥ እንደገና መጭመቅ ነው። በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ «ፎቶ» ብሎ የላከው ሰው፣ ፕሮግራሙ ሥዕሉን አሳንሶና ጨምቆ እንደሚያስተላልፍለት ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ ያንኑ ሥዕል «ፋይል» ብሎ ቢልከው ኖሮ ባይቶቹ ሳይለወጡ ይደርሱ ነበር። አንድ ካህን የአጥቢያውን ተአምረ ማርያም አንሥቶ በከተማ ላለ ዘመዱ በፎቶ ቢልክ፣ ዘመዱም ለሌላ ቢያስተላልፍ፣ በመጨረሻም የስልኩ ባለቤት ቦታ ሞላብኝ ብሎ የመጀመሪያውን ቢያጠፋ፣ ለትውልድ የሚቀረው ያ የሳሳ ቅጂ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ያለው ባለማወቅ የሚሠራ ፋቂ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚቀርብ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ «ፕሮግራሙ የሚሠራውን እኛ ለምን እንማራለን? መኪና የሚነዳ ሁሉ ሞተር ይፈታል ወይ?» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ፣ እያንዳንዱ ሰው ይፍታ አላልንም፤ ነገር ግን ሞተር የሚፈታ አንድ ሰው የሌለበት ከተማ መኪናው በቆመ ቀን እግረኛ ነው። ዛሬ ከመካነ ሰላም እስከ ከላላ በፋይል መበላሸት ምክንያት አንድ የብራና ሥዕል ቢጠፋ፣ ጉዳዩን ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ አገር ሳይልክ መርምሮ የሚፈርድ ሰው እንዲኖር መመኘት ትልቅ ምኞት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ እርሱም ስለ ወጪ ነው። ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 3000 ነጥብ የሆነ ያልተጨመቀ ሥዕል 36 ሚሊዮን ባይት ይሆናል፤ 300 ገጽ ያለው አንድ መጽሐፍ 10.8 ቢሊዮን ባይት ይሆናል፤ አንድ ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ ከእንዲህ ያለው መጽሐፍ ከ90 ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ይይዛል። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህም ሁሉን በቢትማፕ አስቀምጡ አልልም። ምንም ሳይጥሉ ቦታ የሚቆጥቡ፣ ሥርዓታቸውም ለማንም የተገለጠ ሌሎች ፋይሎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው ቲፍና በ1996 የወጣው ፒ.ኤን.ጂ. ቤተ መዛግብት ሁሉ የሚያውቋቸው ናቸው። ቢትማፕ የንባብ መማሪያ ይሁን፤ ማኖሪያው ቲፍ ወይም ፒ.ኤን.ጂ. ይሁን። ስልኩ ጄፔግ ብቻ የሚሰጥ ከሆነም፣ ከካሜራው የወጣው የመጀመሪያው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ፤ የሚላከውና የሚስተካከለው ቅጂው ብቻ ይሁን። አንድ መጽሐፍ ዳግመኛ ለማንሣት የሚጠይቀውን መንገድ፣ የካህናቱን ፈቃድና የብራናውን መገላበጥ ለሚያስብ ሰው፣ የዲስክ ዋጋ ውድ አይመስለውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከሁሉ አስቀድሞ ትምህርቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይግባ። በአይ.ሲ.ቲ. ክፍለ ጊዜ ተማሪው የሁለትዮሽ ቁጥርን ወደ ዐሥርዮሽ መለወጥ ሲማር፣ ቁጥሩ ምን እንደሚጠቅም ሳይነገረው ፈተናውን አልፎ ይረሳዋል፤ ያን ቁጥር ይዞ 78ቱን ባይት በደብተሩ ላይ ጽፎ፣ ሰንደቁን በራሱ እጅ ሠርቶ ቢያይ ግን አይረሳውም። ለዚህ ትምህርት ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ መብራት በጠፋ ቀን እንኳ በጥቁር ሰሌዳ ሊሰጥ ይችላል፤ ኮምፒውተር ሲገኝ ደግሞ ተማሪው የጻፈውን ቁጥር አስገብቶ ልክ መሆኑን ያረጋግጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ የማሠልጠን ዕቅድ በጎ ዓላማ ነው፤ ሆኖም የኢንተርኔት መረብ በየጊዜው በሚቋረጥበት ወረዳ ላለ ልጅ፣ በጠመኔ የሚሰጥ እንዲህ ያለ ትምህርት ቀድሞ ይደርስለታል።

ሁለተኛው ሥራ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን እወዳለሁ። ይህ ዩኒቨርሲቲ የመቅደላን ስም ተሸክሞ፣ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢ ሠርቶ መቀመጡ ራሱ ኃላፊነት ያሸክመዋል። በአካባቢው ያሉትን የግእዝ ብራናዎችና የዐረብኛ ኪታቦች፣ ባለቤቶቻቸው ሲፈቅዱ፣ በተገቢው ካሜራ አንሥቶ፣ አንድ ሙሉ ቅጂ ለደብሩ ወይም ለሐሪማው፣ አንድ ቅጂ ለራሱ፣ አንድ ቅጂም ከጥንት ወመዘክር ይባል ለነበረው ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ቢያስቀምጥ፣ በለንደን የደረሰው ጥቃት ነገ በማንኛቸውም ላይ ቢደርስ ሁለቱ ይቀራሉ። ከእያንዳንዱ ዲስክ ጋር አንዲት ወረቀት አብራ ትቀመጥ፤ በእርሷም የፋይሉ ዐይነት፣ ወርዱና ቁመቱ በነጥብ፣ የተነሣበት ቀን፣ የገጹም እውነተኛ ልክ በሴንቲሜትር በአማርኛ ይጻፍ። ከላይ የተናገርነው፣ በአንድ ሜትር ስንት ነጥብ እንደሚሰፈር የሚናገረው የመቅድሙ ክፍል፣ ካሜራ ሲያነሣ ከብራናው እውነተኛ ልክ ጋር ስለማይገናኝ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ጎን ማስመሪያ አስቀምጦ ማንሣት ይገባል፤ አለዚያ የእጅ መዳፍ የምታህለው የኪስ መዝሙረ ዳዊትና ባለ ትልቅ ገጹ ግንዘት በሥዕል አንድ ያህል ሆነው ይቀራሉ።

ሦስተኛው ነገር የባለቤቶቹ ነው። ከውጭም ሆነ ከውስጥ መጽሐፍ ላንሣ ብሎ የሚመጣ ሰው፣ ዓላማው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ አለቃውና ሼኹ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁት፦ ሥዕሉ ምንም ሳይጣልበት ይቀመጣል ወይ? ሙሉው ቅጂ፣ የተቀነሰው ሳይሆን ዋናው፣ በእኛ ዘንድ ይቀራል ወይ? ከልጆቻችን አንዱን አብረህ አሠርተህ የፋይሉን ሥርዓት ታስተምርልናለህ ወይ? ለሦስቱም አዎን ካለ በሩ ይከፈትለት። ለአንዱ እንኳ እንቢ ካለ ግን፣ ከምስጋና ጋር ይሰናበት። በ1860 ዓ.ም. መጻሕፍቱ ሲወሰዱ የአገሩ ሰው የሚከላከልበት በቂ ኃይል አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ ዛሬ ግን የሚያስፈልገው 54 ባይት የሚያነብ አንድ ተማሪ ነው፤ ያንን ማፍራት ከመካነ ሰላምና ከከላላ ትምህርት ቤቶች ዐቅም በላይ ነው ብሎ የሚከራከር ቢኖር፣ ምክንያቱን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።